ዲቪውን በሽማግሌ የለወጥኩ ጊዜ

ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ፣ ከጎማ ቤቱና ከፀጉር ቤቱ መሀል ያለችውን የእትዬን ምግብ ቤት የሚያውቅ ሁሉ የኔን ወንበር ያውቃል። ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ነው፣ ማሞቂያው ስር፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ። የሌላው ሰው ወንበር ፕላስቲክ ነው፣ የኔ እንጨት። የማያውቅ ሰው ሊቀመጥበት ሲል እትዬ ራሳቸው ከኩሽና ብቅ ብለው «እሱ የጂኤም ነው፣ ወዲህ ሁን» ይሉታል። ጂኤም ማለት ጀነራል ማናጀር ማለት ነው፤ በቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ማን ይምጣ፣ ማን ይሂድ፣ ማን በማን ይለወጥ ብሎ የሚወስነው ሰውዬ። እኔ ነኝ እሱ። በርግጥ ቡድኑ አያውቀኝም። እሱ እንግዲህ የቡድኑ ችግር ነው።

ከተማችን ኮሎምበስ የራሷ የቅርጫት ኳስ ሊግ ቡድን የላትም። ሰሜን ሁለት ሰዓት ነድተህ የምታገኘውን የክሊቭላንዱን ቡድን የኛ ያደረግኩት እኔ ነኝ። «የምንቀመጥበት መንገድ ክሊቭላንድ አቬኑ እስከሆነ ድረስ ቡድኑ የኛ ነው» አልኩ፤ እስከዛሬ የተከራከረኝ የለም።

ቅርጫት ኳስ ማንም አላስተማረኝም። እንግሊዝኛም እንደዛው። ከስደተኛ ካምፕ እንደመጣሁ ሾርት ኖርዝ የሚባል ሰፈር አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት እቆርጥ ነበር፤ እዛች እንደ ስልክ ቤት የጠበበች ክፍሌ ውስጥ አንድ ሬዲዮ ነበረች፣ ከኳስ በቀር ሌላ ጣቢያ አይዛትም። ስለዚህ የኔ እንግሊዝኛ የኳስ አስተላላፊ እንግሊዝኛ ነው። ባለቤቴ ያኔ አሟት ሀኪም ቤት ስወስዳት፣ ዶክተሩ ምን ሆነች ሲለኝ «ሺ ኢዝ ኩዌስቸነብል ፎር ቱናይት» አልኩት። ዛሬ ማታ መሰለፏ አጠራጣሪ ነው ማለቴ ነው። ዶክተሩ ከሳቁ የተነሳ መርፌውን አስቀመጠ። ዛሬ የራሴ የጽዳት ድርጅት አለኝ፣ ሁለት ቫን አለኝ፣ ቤት አለኝ፣ ሳር የሚያጭድ ማሽን እንኳ ከጎረቤት አልዋስም። ሁሉንም በዛ እንግሊዝኛ ነው ያገኘሁት።

ተጫዋች መለዋወጥ፣ ትሬድ የሚሉት፣ ግን ቀላል ነገር አይደለም። ሊጉ ለደሞዝ ጣሪያ አለው፣ ሳላሪ ካፕ ይሉታል። ዝም ብለህ ጥሩ ተጫዋች አምጣ ማለት አትችልም፤ የምትሰጠው ደሞዝና የምትቀበለው ደሞዝ መቀራረብ አለበት። ይሄን በየእሁዱ አብረውኝ ኳስ ለሚያዩት ለጠረጴዛችን ሰዎች ማስረዳት አቅቶኝ ብዙ ቆየሁ። አንድ እሁድ ነው በሻንጣ የመጣልኝ።

«አገር ቤት ልትሄዱ ሻንጣ ስታዘጋጁ ምን ታደርጋላችሁ?» አልኳቸው። «የተፈቀደላችሁ ሃምሳ ፓውንድ ነው። የአክስትህን ጫማ ልታስገባ የአጎትህን ጃኬት ታወጣለህ። ሻንጣውን አቅፈህ ሚዛን ላይ ትወጣለህ፣ ትወርዳለህ፣ ሚስትህ ትጮህብሃለች። በቃ፣ ሳላሪ ካፕ ማለት ይሄ ነው።»

ትራከሩ ጓደኛዬ፣ አሜሪካን በጭነት መኪና ዞሮ የጨረሰ፣ በምንም ነገር የማይደነቅ ሰው፣ ብድግ ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ጂኤም ያለኝ ያን ቀን ነው።

ሌላም ፈጠራ አለኝ። ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ልጆች የሚመርጡበት ተራ አለ፤ ተሸንፈው የከረሙት ቡድኖች ደግሞ ቅድሚያውን በሎተሪ ነው የሚያገኙት። ይሄ ተራ ራሱ፣ ልጁ ገና ሳይታወቅ፣ ይለወጣል። እኛ ጠረጴዛ ላይ ስሙ ዲቪ ነው። እኔ ነኝ ያወጣሁለት። ሎተሪ ነዋ! ማን እንደሚመጣ አይታወቅም። «አንድ ዲቪ ጨምርበትና ይስጡን»፣ «የከርሞውን ዲቪ እንዳትነካ» እንባባላለን። የኔ አቋም ደግሞ የታወቀ ነው፦ ዲቪ ስጥ፣ ልምድ ያለው ሽማግሌ ተቀበል።

ይሄን አቋሜን እያስረዳሁ ነው ሰውዬው የመጣብኝ።

ታህሳስ ነበር፣ እሁድ ከሰዓት። ቡድናችን ቤንቹ ላይ፣ የተቀያሪዎቹ ወንበር ማለት ነው፣ አንድ ባለፈው ዓመት በዲቪ የመረጠው ረጅም ልጅ ነበረው። አጠገባችን ባለው ጠረጴዛ አንድ የማናውቀው ሰው ለብቻው ፍርፍር ይበላል፤ ሰላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ጃኬቱ ላይ የዌርሃውስ፣ የመጋዘን ሠራተኛ መታወቂያ የተንጠለጠለ። እኔ ጠረጴዛውን እየደበደብኩ ነው።

«ዲቪው ምን ይሰራልናል? ጥግ ይዞ ይበላል! ቋንቋ አይገባው፣ ሥራ አልለመደ! ብርድ ላለበት ስቴት ስጡትና በሱ ፋንታ አንድ የበሰለ ሰው ይምጣልን!»

«ማን ይወስደዋል?» አለች ነርሷ። እሷ የጠረጴዛችን ብቸኛ ሴት ናት፣ ከሺፍት በቀጥታ ነው የምትመጣው፣ የምጠቅሰውን ደሞዝ ሁሉ በስልኳ እየፈለገች ታጣራብኛለች።

«ብቻውን ማንም አይወስደው፤ የሆነ ነገር መመረቅ ነው እንጂ።»

ፍርፍር የሚበላው ሰውዬ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ። ብድግ አለ።

«ይቅርታ ጋሼ» አለኝ። «እርግጥ በዲቪ ከመጣሁ ገና ሦስት ወሬ ነው። ግን ካናል ዊንቸስተር ያለ ዌርሃውስ እየሰራሁ ነው፤ ኦቨርታይም ሁሉ እገባለሁ። ቋንቋም ቢሆን አላጣሁም። ይሄ ፍርፍር ደሞ በገንዘቤ ነው።»

ትራከሩ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ነርሷ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። እንዴት ዓይነት ዲቪ እንደሆነ፣ ስለማን እንደምናወራ እኔ ነኝ ቆሜ ያስረዳሁት። ሰውዬው እስክጨርስ ጠበቀና ምን ቢል ጥሩ ነው?

«እንደሱ ከሆነማ ዋጋዬን ዝቅ አድርጋችሁታል። እኔ ለብቻዬ አልሄድም፤ ሚስትና ሁለት ልጅ አሉኝ። ፓኬጅ ነኝ።»

ሳቁ ሬስቶራንቱን ሞላው። እኔም ሳቅኩ፤ ጥሩ ቀልድ ሲሆን እስቃለሁ፣ ንፉግ አይደለሁም። ግን ሳቁ ከኔ ሳቅ ረዘመ። ተራ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይለካም። ቀልደኛ ግን ይለካል። በጠረጴዛው ታሪክ እኔ ካሳቅኩት ሁሉ የረዘመ ነበር፤ እትዬ ራሳቸው፣ በኔ ቀልድ ጥርሳቸው ታይቶ የማያውቀው ሴትዮ፣ ኩሽና በር ላይ አፋቸውን ይዘው ቆመዋል።

ከዛን ቀን ጀምሮ ስሙ ዲቪው ሆነ። በየእሁዱ መጣ። የፕላስቲክ ወንበር ጎትቶ ከነርሷ ጎን ይቀመጣል።

እውቀት የለውም እኮ! ይሄ ነው የሚያናድደኝ። የተጫዋቾቹን ግማሽ በስም አያውቃቸውም፤ «ያ ሲሮጥ አውቶብስ ያመለጠው የሚመስለው»፣ «ያ ዳኛውን እንደ አማት የሚያየው» ነው የሚላቸው። ሰዉ ደግሞ ያኔውኑ ይገባዋል። እኔ ስንት ዓመት የለፋሁበትን ነገር!

አንድ እሁድ፣ እንደ ትልቅ ሰው ልቀበለው ብዬ፣ ሻንጣዬን አወጣሁለት። ሚዛኑን፣ የአክስቱን ጫማ፣ የአጎቱን ጃኬት፣ ሁሉንም በዝርዝር። በጥሞና ሰማኝ።

«ግን ጋሼ» አለ፣ «ሻንጣው ሃምሳ ቢያልፍ እኮ ይከፍሉና ያሳልፉታል። እኔ ስመጣ ለጫንኩት ድስት ትርፍ ከፍያለሁ።»

«ሉግዠሪ ታክስ!» ብላ ነርሷ ጮኸች። «አየህ? ሀብታሞቹ ቡድኖች የሚከፍሉት ቅጣት! ዛሬ ገና ገባኝ!»

አውቀዋለሁ እኮ። ጣሪያውን ያለፈ ቡድን ቅጣት እንደሚከፍል ማንም ሳይነግረኝ በፊት አውቃለሁ። ሻንጣው ውስጥ አላስገባሁትም ነበር፣ በቃ። ሻንጣዬን ወስዶ ዚፕ ገጠመለት። አሁን ሰው ሻንጣውን ሲያወራ «ዲቪው እንዳለው» ብሎ ነው የሚጀምረው።

ደሞ «ጋሼ» ይለኛል። በመሀላችን ያለው ዕድሜ ያን ያህል አይደለም፤ ፂሜንም በየሁለት ሳምንቱ ቀለም ነካ አደርገዋለሁ። እሱ ግን «ጋሼ» እያለ፣ «እርስዎ» እያለ፣ በአክብሮት ያስረጀኛል። በምን ትጣላዋለህ? ሰው አከበረኝ ብለህ አትከስ።

ቫን ውስጥ እየነዳሁ ቀልድ መለማመድ ጀመርኩ። ከዚህ በፊት ተለማምጄ አላውቅም፤ የኔ ቀልድ ከአፍ የሚወጣ ነው። ባለቤቴ አንድ ማታ ሳህን ሳጥብ ያዘችኝ።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ከማንም።»

«ቀንተሃል።»

«እኔ? በማን?»

«በዲቪው ነዋ። ሰውዬ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር በኔ አንድ ቀን ቀንተህ አታውቅም። ለአንድ የእንጨት ወንበር ግን እንቅልፍ አጣህ።»

«አንቺንማ ማን ይወስድብኛል ብዬ ልቅና?» አልኳት።

ያን መልስ ቫን ውስጥ ብለማመደው ኖሮ አልለውም ነበር። ከዛ በኋላ ባለው ሳምንት እራቴን ራሴ ነው ያሞቅኩት።

ለወንበሩ እንቅልፍ ያጣሁት ግን በምክንያት ነው። ጠረጴዛችን አንድ ሥርዓት አለው። ሊጉ የካቲት ላይ የትሬዱን በር ይዘጋል። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ባለው እሁድ፣ የፈለገ ሰው ቡድኑን የሚያሻሽል ትሬድ ያቀርባል። ከዛ ሁሉም ሰው የሻይ ብርጭቆውን ወደ መረጠው ሰው ይገፋል። ብርጭቆ የበዛለት የዓመቱ ጂኤም ነው፤ ወንበሩ የሱ ነው። እስካሁን ሁሌ እኔ ነኝ። ዘንድሮ ግን ዲቪው «እኔም አንድ ሀሳብ አለኝ» አለ።

ከድምፅ መስጫው አንድ ሳምንት በፊት በነበረው እሁድ ሁለታችንም ሀሳባችንን ለሙከራ ዘረጋን። የኔ ግልጽ ነበር፦ ረጅሙን ልጅ ከሁለት ዲቪ ጋር ሰጥተን፣ ዌስት ኮስት ያለውን ትልቅ አስቆጣሪ እናምጣ። አዎ፣ ጉልበቱን ያመዋል፤ ማንን የማያመው አለ? ደሞዙን ከነመደመሪያው አስቀመጥኩ፤ ሚዛኑ ልክ ነው፣ ነርሷም አጣርታ ልክ ነው አለች።

ዲቪው ደግሞ ከሽንፈት ብዛት ማንም የማያየው ቡድን ውስጥ ያለ አንድ ሰው መረጠ። ስሙን እንኳ በደንብ አልያዘውም። ሥራው መከላከል ብቻ ነው፤ ኳስ ሲሰጡት እንደ ትኩስ ድንች መልሶ ይሰጣል።

«ይሄን ለምን?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ኳስ የሚወዱ ሁለት ሰዎች አሉን። ሦስተኛ ብናመጣ ኳሱ እኮ አንድ ነው። የጎደለን ኳስ የማይፈልግ ሰው ነው።»

ትራከሩ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየ። «እዚህ ጠረጴዛ ላይም እንደዛው ነው» አለ።

እንደገና ያ ረጅም ሳቅ። በሳቁ መሀል የትራከሩ ብርጭቆ፣ ግንባሬን የሳመኝ የገዛ ጓደኛዬ ብርጭቆ፣ አንድ ጣት ያህል ወደ ዲቪው ስትንሸራተት አየሁ። የራሴን ብርጭቆ በሁለት እጄ አፍኜ ያዝኳት። ሰው ሚስቱን ከሌላ ሰው ጋር ስትጨፍር ቢያይ እንዲህ ይሆናል አሉ። እኔ በብርጭቆ ሆንኩ።

ያኔ ነው ዕድል በራሷ እግር የመጣችልኝ። ኩሽናው በር አጠገብ የካርታ ተጫዋቾች ጠረጴዛ አለ። አራተኛ ሰዋቸው ሥራ አግኝቶ ሚኒሶታ ገብቷል። ትርፍ የነበራቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ካርታው ሲታደል የሚያንቀላፉ። የካርታው አለቃ ወደኛ ጮኸ።

«ጂኤም! አንድ ሰው አበድረን፣ ኮንከር ልንጫወት ነው!»

«ማበደር የለም» አልኩት። «ትሬድ ካልክ እንነጋገራለን።»

«እሺ፣ ዲቪውን ስጠኝ።»

የፈለግኩት ይሄንኑ ነበር። ፊቴ ግን አልተንቀሳቀሰም። ጂኤም ረሃቡን አያሳይም። «ዲቪው የወደፊት ተስፋችን ነው» አልኩ በሀዘን። «ምን ትሰጣለህ?»

«ጋሼን ውሰድ።» ወደ ሽማግሌው ጠቆመ። ተኝተዋል።

«ሚዛኑ አይደርስም።»

«የምስር ሳምቡሳ አንድ ሳህን እጨምራለሁ።»

«ትኩስ?»

«ትኩስ።»

ተጨባበጥን። ዲቪ ሰጥቼ የበሰለ ሰው አመጣሁ፤ ከአቋሜ ንቅንቅ አላልኩም። ደሞ ሕግ ሕግ ነው፤ ወደ ሌላ ጠረጴዛ የሄደ ሰው እዚህ ሀሳብ ማቅረብ አይችልም። ሕጉን ያወጣሁት ያኔውኑ ነው።

ዲቪው ይከፋዋል ብዬ ስጠብቅ ብድግ ብሎ ሁላችንንም በየተራ ጨበጠን። የሻይ ማንኪያውን እንደ ማይክ ይዞ «የዚህ ጠረጴዛ ደጋፊዎችን ከልብ አመሰግናለሁ» አለ። «ልቤ ሁሌም እዚህ ነው። ግን ምን ላድርግ፣ ሳምቡሳ ተከፍሎብኛል።»

ስሸጠው እንኳ አሳቀ! የገመጥኩትን ሳምቡሳ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

የድምፅ መስጫው እሁድ በረዶ ጥሏል፣ ቤቱ ግን ሙሉ ነው። ወንበሬ ላይ ተደላደልኩ። ከቀኜ ሽማግሌው ጋሼ ኮታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ማሞቂያው ስር መሆናቸው ነው መሰለኝ ገና ሻዩ ሳይመጣ አሸለቡ። ትሬዴን ማቅረብ ጀመርኩ። ከኋላ ካርታው ጠረጴዛ ጋ ዲቪው የሆነ ነገር አለ፣ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«ምን አለ?» አለች ነርሷ።

«ምንም አላለም። ደሞዙን እያስረዳሁ ነው።»

ሌላ ሳቅ። ነርሷ «ስልክ ደውዬ መጣሁ» ብላ ብርጭቆዋን ይዛ ተነሳች። ስልክ በብርጭቆ ነው እንዴ የሚደወለው? ቆይቶ ትራከሩ «ሻይ ላስጨምር» አለ፤ የሻዩ ማንቆርቆሪያ ደግሞ ካርታው ጠረጴዛ አጠገብ ነው። አልተመለሰም። ሌሎቹም እንዲሁ፣ አንዱ ሽንት ቤት፣ አንዱ ስኳር፣ ሁሉም ብርጭቆውን ይዞ። የጉልበት ህመሙ ጋ ስደርስ ቀና ብል ፊት ለፊቴ ሁለት ብርጭቆ ብቻ ቀርቷል፤ የኔና የሽማግሌው። የሳቸው ሳይነካ ቀዝቅዟል።

በሕጉ መሰረት ሁለት ለዜሮ አሸንፌአለሁ። ይታወቅልኝ።

እትዬ መጡ። እጃቸውን የወንበሬ መደገፊያ ላይ አሳረፉ። «አንተ፣ ይሄን ወንበር ልውሰደው? እዛ ጋ ሰው ቆሟል።»

«እትዬ! የጂኤም ወንበር እኮ ነው!»

«የማን ጂኤም? የሳቸው?» አሉ ሽማግሌውን በአገጫቸው እያሳዩ።

ሽማግሌው አንኮራፉ። እትዬ መደገፊያውን አልለቀቁም፣ እኔም መቀመጫውን አልለቀቅኩም። የእንጨት ወንበር እኮ ነው፤ ቢሰጥ ለማን እንደሚሰጥ አውቃለሁ። ዲቪው ቆሞ ነበር ካርታውን የሚጫወተው፤ ወንበሩን ለነርሷ ለቆላት። እሱ በኔ ወንበር ላይ፣ በማሞቂያዬ ሙቀት፣ ሻንጣዬን ሲያወራ ታየኝ። ብድግ አልኩ፣ ወንበሩን ተሸከምኩ፣ ቤቱን አቋርጬ ካርታው ጠረጴዛ ጋ ዱብ አደረግኩትና ራሴ ተቀመጥኩበት።

ሁሉም ካርታውን ትቶ አየኝ።

«በማን ተለውጠህ መጣህ?» አለኝ ትራከሩ።

«በማንም» አልኩ። «ነፃ ተጫዋች ነኝ። ብዙ ስቴት ጠይቆኝ ነበር፤ እናንተ አሳዘናችሁኝ።»

ሳቁ! ጠረጴዛው ተመታ፣ ካርታ ተበተነ። ለካሁት፤ ረጅም ነበር። ሁለት ወር ሙሉ በኔ ቀልድ እንደሱ ያለ ሳቅ አልሰማሁም ነበር፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚስቀው ደግሞ ዲቪው ነው፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ እንባው እስኪወርድ። እኔ በሱ ቀልድ እንዲህ ስቄ አላውቅም። በዚህም ቀናሁ።

ጫጫታው ሽማግሌውን ቀሰቀሳቸው። ባዶው ጠረጴዛ ላይ፣ ከባዶው ቦታ አጠገብ ቀና ብለው ዙሪያቸውን አዩ።

«ምነው፣ ሰዉ የት ሄደ? አሁን ጂኤሙ ማነው?»

ትራከሩ ሻዩን አየ። ነርሷ ዲቪውን አየችው። ሁሉም ዲቪውን አየው። ከዚህ የተመቸ ኳስ ለቀልደኛ ሰው ተሰጥቶ አያውቅም፤ እኔ ብሆን አልምርም ነበር፣ ሰውዬውን ከነወንበሩ በረዶ ላይ ነበር የማወጣው። ዲቪው ቆሞ ካርታውን ይደረድራል።

«እሳቸው ናቸው ጋሼ» አለ ወደኔ እያመለከተ፣ ሳይስቅ። «ይኸው፣ ወንበራቸው ላይ ናቸው።»

«አይ፣ ጥሩ» አሉና ሽማግሌው ተመልሰው ተኙ። ማንም አልተቃወመም።

ሐሙስ የትሬዱ በር ተዘጋ፤ ቡድናችን የኔንም ትሬድ የሱንም አላደረገም። የኔን ቢያደርግ ኖሮ ዛሬ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው፣ ግን ይሁን። እኔን እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ ያቺ መልስ ናት። ያን ኳስ እንዴት አድርጎ ሳያስቆጥርበት እንደለቀቀው፣ ቫን ውስጥ ብቻዬን ስነዳ አንዳንዴ እሞክረዋለሁ። አልወጣልኝም።

ያን እሁድ ግን ዲቪው ካርታውን አድሎ ሲጨርስ አንድ ድርሻ ፊቴ አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ኮንከር ይችላሉ?»

ችዬም አላውቅ።

«እኔ?» አልኩት። «እነዚህን ሁሉ እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው።»